በቁጥር የመረጥኳቸው ዶሮዎች

ዶሮ ለማርባት ስወስን የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዓመት ስንት ዕንቁላል ትጥላለች? ሰው አገር ሲኖሩ ሁሉን ነገር በቁጥር ማሰብ ይለመዳል። ስንት ሰዓት ሠራሁ፣ ስንት ላክሁ፣ ስንት ቀረኝ። ዶሮዋንም በዚያው ዓይን አየኋት።

እስከዚያ ድረስ ለእኔ ዶሮ ማለት ዶሮ ነበረች። ቢበዛ ነጭ፣ ቀይ፣ ገብስማ ብዬ እለያት ይሆናል። ዝርያ እየመረጥኩ መሆኔን ለእናቴ በስልክ ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። «አንቺ ልጅ፣ ዶሮም እንደ ሙሽራ ዘሯ ይጠየቅ ጀመር?»

ተጠየቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ። በመጨረሻ ሌግሆርን የምትባለዋን መረጥኩ። ነጭ ናት፣ ቀጠን ያለች፣ ትንሽ በልታ ብዙ የምትጥል። በዓመት 280 ዕንቁላልና ከዚያም በላይ ልትጥል ትችላለች። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? የ16 ሳምንት ቄቦች አራት ገዛሁ። አውራ ዶሮ አልገዛሁም። የምንኖርበት ከተማ በጩኸቱ ምክንያት ይከለክላል። (ያለ አውራ እንዴት ዕንቁላል ይገኛል የሚለኝ ሰው እስካሁን አላለቀም። ዕንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ነው እንጂ አውራው የሚያስፈልገው፣ እሷማ ያለ እሱም ትጥላለች።)

ቁጥሩ አልዋሸም። በ21ኛው ሳምንት አካባቢ ጀመሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ነው። የዋሸሁት እኔው ነኝ፣ ለራሴ። በሐሳቤ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። ከሥራ ደክሜ ስገባ እግሬ ሥር የምትመጣ፣ ልጄ የምታቅፋት ዶሮ። ሌግሆርን ደግሞ ደንባራ ናት። ባልዲ ባነሳ ትበራለች፣ በር ባንኳኳ ትበራለች። ልጄ እጇን በዘረጋች ቁጥር አራቱም እንደ ተወረወረ ወረቀት ይበተናሉ።

አንድ ቅዳሜ አንደኛዋ የሰው ቁመት የሚያህለውን አጥር ዘላ ጎረቤት ገባች። እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ኖረናል። ከጎረቤቴ ጋር ከርቀት እጅ ከማወዛወዝ በቀር አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አዛውንት ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አፍሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉኝ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ፣ አንድ ፎጣ ሰጡኝ፣ ሌላ ፎጣ ራሳቸው ያዙ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሁለት ሴቶች አንዲት ነጭ ዶሮ ስናባርር ቆየን። በመጨረሻ እሳቸው ያዟት። ለካ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ዶሮ መሀል ነው። የክንፍ ላባ እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። የአንዱን ክንፍ ብቻ ነው፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ረጃጅሞቹን። ሁለቱንም ከቆረጡ ሚዛኗን ስለማትስት መዝለሏን ላትተው ትችላለች።

ከዚያ ክረምቱ መጣ፣ የበረዶው።

የሌግሆርን አናት ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ ትልቅና ስስ ነው። የዝርያዋ መነሻ ጣልያን ነው፣ ስሟም ከሊቮርኖ ወደብ የመጣ ነው። ዶሮ አታልብም፣ ሙቀት የምታስወጣው በዚያ ቀይ ዘውድና ጉሮሮዋ ሥር በሚንጠለጠለው ነው። ለሞቃት አገር ድንቅ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን ግን ያው ዘውድ ጉድ ይሠራል። እኔ ደግሞ አዝኜላቸው የቤታቸውን አየር ማስገቢያ በሙሉ በጨርቅ ደፈንኩት። ጠዋት ስከፍት መስኮቱ ውስጡ ውሃ ያንጠባጥባል። በሦስተኛው ቀን የሁለቱ ዘውድ ጫፍ ጠቆረ። ከትንፋሻቸውና ከኩሳቸው የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ እላያቸው ላይ ነው የቀዘቀዘው። ደረቅ ብርድ ያን ያህል አይጎዳቸውም፣ እርጥብ ብርድ ነው የሚበላቸው። የጠቆረው ጫፍ ከሳምንታት በኋላ ደርቆ ወደቀ። እስካሁን ያንን ሳስብ ይከፋኛል።

በጸደይ ሌሎች ልጨምር ስነሳ ጥያቄዬ ተለወጠ። ብርዳችን ምን ያህል ነው? ጓሮው ስንት ይይዛል? (ቤቱ ውስጥ ለአንዷ 0.4 ካሬ ሜትር ግድም፣ ውጪ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ካልደረሳት መናከስ ይመጣል።) የሚይዛቸው ማነው? ዕንቁላሉ መጨረሻ ላይ መጣ።

በዚህ መንገድ ዋያንዶት አገኘሁ። ዘውዷ እንደ ጽጌረዳ አናቷ ላይ የተለጠፈ ነው፣ የሚቆም ጫፍ የለውም፣ ብርዱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከእሷ ጋር ኦርፒንግተን መጣች፣ በ1886 እንግሊዝ ውስጥ ኬንት የተገኘች ወፍራም፣ ላባዋ እንደ ጋቢ የሚከብዳት። ይህቺን ልጄ ታቅፋት ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። ስለ እሷ ያልነገሩኝ፣ ወይም አንብቤ ያለፍኩት፣ ዕንቁላል መታቀፍ እንደምትወድ ነው። በሐምሌ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ጫጩት 21 ቀን ነው የሚፈጅበት፣ እሷ ግን ምንም ሳይኖራት አምስት ሳምንት ታቀፈች። ሳነሳት ላባዋን ነፍታ ትቆጣኛለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ዕንቁላል አልጣለችም።

ልጄ የመረጠችው ሲልኪ ነው። ላባው እንደ ጥጥ፣ ቆዳው ጥቁር፣ ጣቱ አምስት። መልኩን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ነገር ግን ያ ላባ ውሃ አያንሸራትትም። ዝናብ የመታው ቀን የተጨመቀ ማጽጃ ጨርቅ መስሎ ይመጣል፣ እኔም በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቀው አመሻለሁ። ለልጅ ጓደኛ ይሁን፣ ለዕንቁላል ግን ማንንም አልመክርም።

ዕንቁላል ብቻ የፈለገ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ኢሳ ብራውን የሚባሉትን ቡናማ ድቅሎች እጠቁማለሁ። ገራም ናቸው፣ ከ300 በላይ ሊጥሉ ይችላሉ። ሁለተኛ ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ ግን ቶሎ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ያን ጊዜ ምን ልታደርጉ እንደሆነ ዛሬውኑ አስቡበት። አውስትራሎርፕም አለች። በ1922–23 ውድድር ላይ ስድስት ዶሮዎች በ365 ቀን 1,857 ዕንቁላል የጣሉባት ዝርያ ናት። ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት ባገኘው ኖሮ ያለ ምንም ጥያቄ እሷን እገዛ ነበር፣ ምናልባትም አይቆጨኝም ነበር።

ጎረቤቴ አሁን እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ሰማያዊ ዕንቁላል የምትጥለዋን አሜራውካና ግዢ እያሉ ይወተውቱኛል። ቦታ የለኝም እላቸዋለሁ፣ በአጥሩ ላይ ወደ እሳቸው ጓሮ ያሳዩኛል።

ዛሬ ጠዋት በረዶው ጉልበቴ ይደርስ ነበር። ቀኑ አጥሯል፣ ብርሃን ሲያንስ ዶሮ ትቀንሳለች፣ ወፍራሟም ዋያንዶቷም ካቆሙ ሳምንት አልፏቸዋል። ሁሉም ቆጥ ላይ ተደርድረው አዩኝ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዕንቁላል ብቻ ነበር፣ ገና ያልቀዘቀዘ፣ ነጭ። እኔ ቤት ነጭ የሚጥሉት እነዚያ ብቻ ናቸው። የዘውዷ ጫፍ የወደቀባት ሌግሆርን እየተንጫጫች በእግሬ መሀል ሾልካ ወጣች።