ሞቷል የተባለው ካምቢዮ

መኪናዬ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተቸንክራ ቀረች። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት ግን የለም። አጥፍቼ ሳስነሳት ለጥቂት ደቂቃ ደህና ትሆንና መልሳ ሁለተኛ ላይ ትቀራለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮምፒውተር ሰክተው አምስት ደቂቃ ካዩ በኋላ «ካምቢዮው ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። ካምቢዮ ማለት ማርሽ የሚቀያይረው ክፍል ነው። የጠሩልኝ ገንዘብ መኪናዋን ከገዛሁበት ዋጋ ግማሽ በላይ ነበር።

የ1999 ሞዴል የጀርመን ሥሪት ናት። ስድስት ሲሊንደር፣ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ፣ ወንበሯ ቆዳ። ልጅ ሆኜ በመንገድ ስታልፍ ቆሜ የማያት ዓይነት መኪና ናት። ከሃያ ዓመት በኋላ ዋጋዋ ከተራ ትንሽ መኪና እኩል ወርዶ ሳገኛት ሁለቴ አላሰብኩም። ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ መኪናዋ ረከሰች እንጂ ዕቃዋ አልረከሰም። የፍሬን ዲስኳም፣ አሞርዛተሯም፣ ኮምፒውተሯም ዛሬም የሚሸጠው በውድ መኪና ዋጋ ነው። ገዝቶ ማሽከርከርና ይዞ ማቆየት ለየቅል ናቸው።

ካምቢዮውን ለመቀየር አቅሙ አልነበረኝም። ስለዚህ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ዘይቱ ተለክቷል?»

አልተለካም። ማንም አልለካውም። ይህ ካምቢዮ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። ቱቦው አለ፣ አናቱ በፕላስቲክ ክዳን ተዘግቷል፣ ዘንጉ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ አይመጣም። ለብቻው ገዛሁት። ዘይቱ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ (መቆሚያው) ላይ ሆኖ ለካሁ። ከዘንጉ የረጠበው ጫፉ ብቻ ነው። ከአንድ ሊትር በላይ ጎድሏል።

ጥያቄው የጎደለው የት ገባ የሚል ሆነ። ከሥር ገብተን የካምቢዮውን ጎን በጨርቅ ጠረግነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት ሶኬት ዙሪያውን ረጥቧል። አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ናት፤ ዘይቱን ይዘው የሚያቆዩት ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ናቸው። በዓመታት ሙቀት ጎማው ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሯል። ከመንጠባጠቡ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው፣ ዘይቱ በሽቦዎቹ ልባስ ውስጥ እየተሳበ ካምቢዮውን የሚያዘው ኮምፒውተር ድረስ ወጥቷል። የኮምፒውተሩን ሶኬት ስነቅለው ፒኖቹ በቀይ ዘይት ወዝተው ነበር። መኪናዋ ሁለተኛ ላይ የምትቀረው ለዚህ ነው። የዘይቱ ግፊት ሲወርድ ወይም የሚደርሰው መልእክት ሲዛባ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ከጉዳት ለማዳን አንድ ማርሽ ላይ ይቆልፈዋል።

ሶኬቷን፣ ፊልትሮውንና የዘይት ማጠራቀሚያውን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ላስቲክ) ቀየርን። ፒኖቹን በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ደጋግመን አጠብን። መመሪያው የሚጠይቀውን ዓይነት ዘይት ሞላን። ይህን ሁሉ ስደምረው ጋራዡ ከጠራልኝ ዋጋ አንድ አሥረኛውን እንኳን አልሞላም። ያን ቀን ማታ ብቻዬን ስነዳት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለች ስትቀይር ጮክ ብዬ ስቆጥር ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሆነ፣ ካምቢዮው ያው ነው።

ብዙ የቅንጦት መኪኖች የካምቢዮ ዘይታቸው «ዕድሜ ልክ» ነው ተብለው ተሸጠዋል። የማን ዕድሜ ልክ እንደሆነ ግን አይነገርም። ለብዙ ታዋቂ ብራንዶች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል። የእኔ መኪና 240,000 ደርሳ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ምንም ነገር ላለመቀየር እሞክራለሁ። የኮምፒውተር ኮድ ሕመሙ ያለበትን ሰፈር ይጠቁማል እንጂ የቤት ቁጥሩን አይነግርም። «የኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ኮድ መጥቶ ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ገዝቶ የቀየረ ሰው ገንዘቡም ይሄዳል፣ ችግሩም አብሮት ይቀራል።

ሁለተኛው ያዳነኝ ነገር ደብተር ነው። መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን ያልሠራላትን ሁሉ ስጽፍ አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ልብ ያስቆርጣል። በኋላ በአራት ገጽ ከፋፈልኩት። አንደኛው ገጽ ሰው የሚገድለው ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ። ሁለተኛው ሞተር የሚገድለው፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ የሚያስቀረኝ፣ አራተኛው ምቾት። አንድ ገጽ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ላለመሄድ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከባድ ቃል ነው፤ የጣሪያው መስኮት አልከፈት ብሎ በየቀኑ ከራሴ በላይ እያየሁት ሁለት ዓመት ጠብቋል።

አንደኛው ገጽ ላይ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ጎማዎቹን አየሁ። ጥርሳቸው ገና ነው። ጎናቸው ላይ ግን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2309 ካለ በ2009 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን፣ በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የእኔዎቹ አሥር ዓመት አልፏቸው ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። የፍሬን ዘይቱም ጠቁሯል። ዘይቱ ከአየር ውኃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት።

ሁለተኛው ገጽ በአብዛኛው ማቀዝቀዣው ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ራዲያተሩ ጫፍና ጫፉ፣ የውኃ መያዣው፣ የቴርሞስታቱ ቤት ፕላስቲክ ነው። የድሮውን ራዲያተር ካወጣሁ በኋላ ላስቲኩ የሚገባበትን አፍ በፒንሳ ጫን አልኩት። እንደ ደረቅ ቅጠል ፍርክስክስ አለ። መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ውኃው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ የአሉሚኒየም ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ይጣመማል፣ መኪናዋም እዚያው ታበቃ ነበር። ራዲያተሩን፣ ላስቲኮቹን፣ ቴርሞስታቱንና የውኃ ፓምፑን በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። አንዱን አዲስ አድርጎ ሌላውን አሮጌ መተው ግፊቱን ወደ ደካማው መግፋት ነው። የቧንቧ ውኃም አልጨምርም፤ የተጣራ ውኃና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እኩል በእኩል ነው። የሙቀት መለኪያው ከለመደው ቦታ ሽቅብ ካለ ደግሞ የትም ብሆን አቆማለሁ።

ዕቃ አገዛዝ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የመኪና ፋብሪካ ሁሉንም ዕቃ ራሱ አይሠራም። ለጀርመን መኪኖች ሌምፎርደር የእግር ዕቃ፣ ዛክስ አሞርዛተር፣ ማህለ ፊልትሮ፣ ቦሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያቀርባሉ። ያው ዕቃ በመኪናው ብራንድ ካርቶን ሲሆን ውድ ነው፣ በሠራው ፋብሪካ ካርቶን ሲሆን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የፊት እግር ክንድ ገዝቼ ካርቶኑን ስከፍት ብረቱ ላይ የሆነ ቦታ በመሞረጃ ተፍቋል። የመኪናው ብራንድ ምልክት የነበረበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ርካሽና ስም የለሽ ክንድ ገጥሜ ነበር፤ በስምንት ወሩ ተንኳኳ። ዕቃ ስገዛ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥቼ የዕቃውን ቁጥር አስወጣለሁ፤ በሞዴልና በዓመት ብቻ መግዛት ያሳስታል። ያገለገለ የምገዛው መስተዋት፣ መብራት፣ የበር ማስጌጫና ወንበር ነው። ፍሬን፣ ጎሚኒ (የጎማ ዕቃ) እና ፓምፕ ያገለገለ አልገዛም።

ያን ክንድ ስገጥም የተማርኩት ሌላም አለ። የመጀመሪያውን መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ነበር ቡሎኑን ያጠበቅሁት። ጎማው መሬት ሲነካ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ እያደርም ይቀደዳል። ያ ርካሽ ክንድ ቶሎ መሞቱ ግማሹ የእኔ ጥፋት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አሁን ቡሎኑን ለቀቅ አድርጌ እገጥማለሁ፣ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ሲያርፍ አጠብቃለሁ። ከሥር ስገባ ደግሞ በክሪክ ብቻ አልገባም፤ ወፍራም የብረት ማቆሚያ ከሥሯ ሳላደርግ እጄንም አልሰድም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ያስለፋኝ ባትሪው ነው። ሁለት ቀን ከቆመች አትነሳም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ዲናሞው 14.2 ቮልት ይሰጣል፣ ደህና ነው። አንድ ነገር ሌሊት እየጠጣው ነው ማለት ነው። የበሩን ቁልፍ በካቻቢቴ ገፍቼ የተዘጋ አስመሰልኩ፣ መለኪያውን ነጌቲቩ ላይ አገናኘሁ፣ ኮምፒውተሮቿ እስኪተኙ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መውረድ ሲገባው 400 ላይ ቆመ። ፊውዝ በፊውዝ ስነቅል የኋላው የፊውዝ ሳጥን ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወደቀ። ምንጣፉን አነሣሁ። ውኃ። የኋላ መብራቱ ጎሚኒ ደርቆ ዝናብ ያስገባል፤ ከሥሩ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር እየራሰ አልተኛ ብሏል። አደረቅኩት፣ ጎሚኒውን ቀየርኩ። ባትሪ የገዛሁበት ገንዘብ ግን ሳልለካ የወጣ ነው።

አሁን በየወሩ፣ ምንም ባይበላሽም፣ ለእሷ የተወሰነ ገንዘብ አስቀምጣለሁ። 290,000 ኪሎ ሜትር አልፋለች። ባለፈው ሳምንት አራተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። የጣሪያው መስኮት ችግሩ ሞተሩ አልነበረም፤ ሀዲዱ ላይ የምትንሸራተት አንዲት የተሰበረች ፕላስቲክ ነበረች። ቀይሬ ቁልፉን ስጫነው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ነፋሱም ገባ።