ቦርጭ ለመቀነስ ከእንጀራው በፊት ዘይቱን እዩት

ክረምቱ ሲወጣ ነው ቦርጬን ለማጥፋት የተነሳሁት። እስካሁን ጥሩ ነው። በቀደም ቀበቶዬን ሊስትሮ ጋ ወስጄ ሌላ ቀዳዳ አስበሳሁ። ገና ለምትጀምሩ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው ኪሎ ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚጣላው ከእንጀራ ጋር ነው። እኔ እንጀራ አልተውኩም፣ ትንሽ ቀነስኩ እንጂ። ትልቁ ጉድ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ግን በግራም 4 ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይሆናል። እስቲ ሽሮ ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፤ ዘይቱ ከጄሪካኑ ዝም ብሎ ይንቆረቆራል፣ ማንም አይለካውም፣ ቀዩ ዘይት ከላይ ካልተንሳፈፈ ደግሞ ወጡ ገና አልበሰለም ይባላል። እኛ ቤት እህቴን ለምኜ በማንኪያ መለካት ጀመርን። ሽንኩርቱ በደረቁ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገበት በውሃ ይቁላላል፤ ዘይቱ ኋላ ይገባል። ወጡ ያው ወጥ ነው፣ ይጣፍጣል። በጾም ጊዜማ ይህን መያዝ የግድ ነው፤ ሥጋና ቅቤው ቀርቶ ሳምቡሳና ድንች ጥብስ ሲበዛ እየጾመ የሚወፍር ሰው ስንት አለ።

ከዘይት ቀጥሎ የሚጠጣው ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ደግሞ አያጠግብም። አቮካዶ ጁስም እንዲሁ፤ ፍሬው ሸጋ ነው፣ ግን ስኳርና ቪምቶ ተጨምሮበት በትልቅ ብርጭቆ ከመጣ እንደ መክሰስ ሳይሆን እንደ ምሳ ቁጠሩት።

ሀዋሳ ላለ ሰው ፕሮቲን ሩቅ አይደለም። አሞራ ገደል ሄዳችሁ አሳ መግዛት ነው። መቶ ግራም የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዟል፣ ስቡ ደግሞ ትንሽ ነው። ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ግን ሂሳቡ ይለወጣል፤ ሾርባውን ወይም በትንሽ ዘይት የተሠራውን ጉላሽ እመርጣለሁ። ምስርና ሽንብራም ጥሩ ናቸው፤ ቶሎ አያስርቡም።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ በተጨማሪ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ይመክራል። እኔ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ፣ እያወራሁ መሄድ በምችልበት ግን መዝፈን በማልችልበት ፍጥነት። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ባጃጅ የምይዝባቸውን አጫጭር መንገዶችም በእግሬ አድርጌያቸዋለሁ። ለጡንቻው ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እየተቀመጡ መነሳት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ውሃ የተሞላ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ማንሳት ይበቃል። ይቺን አትዝለሏት፤ ምግብ ብቻ የሚቀንስ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሆዳቸው ላይ ፕላስቲክ ጠቅልለው ታቦር ተራራን የሚሮጡ ልጆች አያለሁ። የሚወጣው እኮ ላብ ነው! ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል፣ በፀሐይ ደግሞ ሰውነት ከልክ በላይ ግሎ ይጥላል። ቁጭ ብድግ ስለበዛም የሆድ ስብ ለብቻው አይቀልጥም፤ ስቡ ከየት ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስነው ሰውነታችሁ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኪሎ ቶሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ በጣም ጥሩ ነው። ሚዛን ላይ ከምትመላለሱ ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ኖሮባችሁ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ አመጋገባችሁን ከመለወጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ከሁሉም የከበደኝ ሰው ነው። እናቴ "ምነው ልጄ ከሳህ፣ አሞሃል እንዴ?" እያለች ጉርሻ ታከታትላለች። የእሷን ጉርሻ እምቢ አልልም፤ ተቀብዬ በላዩ እንጀራ እንዳይጨመር ብቻ እለምናለሁ። ሰሞኑን ፑሽ አፑን ከግድግዳ ወደ አልጋ ጠርዝ አውርጄዋለሁ። ወለል ላይ መሥራት ስጀምር እጽፋለሁ።