ካምቢዮው ወረደ

የፒክአፔ ካምቢዮ፣ የማርሾቹ ሣጥን፣ ወረደ። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ቅባት በሳሙና የሚለቅ አይመስልም፤ ቢሆንም ሳይረሳኝ ልጻፈው። መልሼ ስገጥመው ይህን ገጽ መፈለጌ አይቀርም።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ፒክአፑ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ እያለ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ያጉረመርማል። ፍሪሲዮን ስረግጥ ዝም ይላል፣ ስለቅ ይመለሳል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የካምቢዮው የፊት ሻፍት ከሞተሩ ተለይቶ መዞሩን ስለሚያቆም፣ አብሮት ዝም የሚለው ድምፅ ከካምቢዮው ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያው ሻፍት የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። የእኔ በተቃራኒው ስረግጠው የሚጮህ ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ ነበር። ለማንኛውም ካምቢዮው ሳይወርድ የሚደረስበት አንዳቸውም የለም።

ባለቤቴ «ለምን ጋራዥ አትወስደውም?» አለችኝ። ወጪ ለመቀነስ ነው አልኳት። እሷም እኔም እንደማላምንበት እናውቃለን። ጋራዥ ያለ ሰው ወረፋ የሚጠብቀው መኪና አለበት፤ የሚጮኸውን ይቀይርና ይዘጋዋል፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ካምቢዮው ሲወርድ ብቻ የሚታየውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ማየት ፈለግሁ። ሌላም ምክንያት አለ፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እንደልቡ መፍራት ይችላል። የሚያጣድፈው ስለሌለ ከእያንዳንዱ ከባድ ነገር በፊት ቆሞ ያስባል።

ፍርሃቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ካምቢዮ ጫፉ ላይ አንድ ሻፍት ይዞ ያልቃል። እንደ እኔ ያለው ባለአራት ጎማ ነጂ ግን ከካምቢዮው ኋላ ትራንስፈር ኬዝ የሚባል ሌላ ሣጥን ተገጥሞለታል፤ ከእሱ አንድ ፕሮፔለር ሻፍት ወደ ኋላ፣ ሌላው በካምቢዮው ጎን አልፎ ወደ ፊት ዲፈረንሻል ይሄዳል። እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ካምቢዮው ብቻውን ከ35 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል፣ ትራንስፈር ኬዙም ሌላ 30 ወይም 40 ይጨምራል። ይህ ሁሉ ብረት ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ የተከራከርኩት ከራሴ ጋር ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ላውርዳቸው ወይስ ለየብቻ? አንድ ላይ ማውረድ ፈጣን ነው፤ ዘይት እንዳያፈስ በመካከላቸው የገባው ጓርኒሲዮንም አይነካም። ግን ትራንስፈር ኬዙ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ክሪክ ላይ ሲቀመጡ ሚዛናቸው ወደ ኋላም ወደ ጎንም ስለሚያደላ መገልበጥ ይቀናቸዋል፤ ርዝመታቸውም ካምቢዮውን ከሥር ከሚይዘው ተሻጋሪ ብረት ጋር ያጣላቸዋል። ሊፍት ያለው ሰው እንደፈለገ ያድርግ። መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ለሚሠራ ግን ለየብቻ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጓርኒሲዮን አዲስ ይገዛል፣ ጎድን አይገዛም።

መኪናውን አንስቼ ሻሲውን ያሳረፍኩት አራት ካቫሌቶ፣ የብረት መቆሚያ፣ ላይ ነው። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ጭንቅላቴን አላስገባም። ከፍታውን ስወስን የለካሁት እኔ የምገባበትን ብቻ አይደለም፤ ካምቢዮው ክሪክ ላይ ተቀምጦ የፊቱ ሰፊ ቤት በሻሲው ሥር ማለፍ አለበት። ካቫሌቶዎቹ ሲቀመጡ መኪናውን በትከሻዬ ደጋግሜ ወዘወዝኩት። የሚወድቅ ከሆነ እኔ ውጭ እያለሁ ይውደቅ። ፕሮፔለር ሻፍቶቹ ከተፈቱ በኋላ ማርሽ አስገብቶ ማቆም ዋጋ እንደሌለውም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ማርሹ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው፤ ቁልፍ ቢነካውና ሻሲ ቢያገኝ ብየዳ ነው።

ዘይት ሲወጣ አንድ ደንብ አለኝ፤ መሙያውን ብሎን ሳልፈታ ማፍሰሻውን አልነካም። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዞ መቅረት አለ። የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አየሁት። ማፍሰሻው ማግኔት ላይ ያለው ግራጫ ለጥላጣ ነገር የተለመደ ነው፤ ማርሽ ሲሠራ ትንሽ ይበላል። አሳሳቢው እንደ ሚስማር ጫፍ ያለ ስባሪ ነው፤ አላየሁም። ወርቃማ ብልጭታ ግን ነበረ፣ ጥቂት። እሱ የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች ናስ ነው። ሲንክሮናይዘር ከመምጣቱ በፊት ሾፌሩ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ የሞተሩን ዙር በጆሮው ያስተካክል ነበር፤ ይህን ድካም መጀመሪያ ያስቀረው ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካምቢዮ ነው። ያ ናስ ለዘይት ዓይነት ስሱ ነው። ጂኤል-5 የሚባለው የዲፈረንሻል ዘይት ለጥርሶቹ ጥበቃ የሚጨመርበት የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ይበዛዋል፤ በብዙ ካምቢዮ ናሱን ሊበላ፣ ወይም ከልክ በላይ አንሸራታች ሆኖ ማርሹን አስቸጋሪ ሊያደርገው ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ነው። «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» የሚሉ ሰዎችን ማሳመን ትቻለሁ።

ከዚያ ወደ ጋቢና። ምንጣፉ ተነሥቶ፣ የማርሽ እጀታዎቹ ጎማ ተገልጦ ሁለቱም እጀታዎች፣ የካምቢዮውና የትራንስፈር ኬዙ፣ ወጡ፤ ቀዳዳዎቹን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ደፈንኳቸው። እዚያ ውስጥ የወደቀ ሮንዴላ ታሪኩ ረጅም ነው።

ፕሮፔለር ሻፍቶቹን ከመፍታቴ በፊት ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበትን በቀለም አሰመርኩ። በሻፍቱ ጫፎች ያሉት ተጣጣፊ መገናኛዎች፣ ክሮቼራዎቹ፣ እርስ በርስ የሚተያዩበት አቅጣጫ ከተዛባ መኪናው በሆነ ፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ምክንያቱንም ጎማ ውስጥ ሲፈልጉ መክረም ነው። የፍሪሲዮኑን የታችኛ ሲሊንደር ቱቦውን ሳልፈታ ነቅዬ በሽቦ ከሻሲው ጋር አሰርኩት፤ እንዲህ ሲሆን አየር አይገባበትም። ግን ሲሊንደሩ ፊት ለፊቱ የሚገፋው ነገር ስለሌለ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ቢረግጥ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል። ልጄ መሪ ይዞ መጫወት ይወዳል። ፔዳሉ ላይ «አትርገጥ» የሚል ካርቶን አንጠለጠልኩና፣ ማንበብ መቻሉ ካርቶኑን እንዲያከብር እንደማያደርገው ትዝ ሲለኝ በሩንም ቆለፍኩት።

ሞተሪኖው፣ የማርሚታው ቱቦ፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ፣ የአራት ጎማ ምልክቱ ሽቦ፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፤ እነዚህ ጉልበት እንጂ ሐሳብ አይጠይቁም። ብሎኖቹን ብቻ በካርቶን ላይ የካምቢዮውን ቅርጽ ስዬ በየቦታቸው ወጋኋቸው። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቀዋል።

ትራንስፈር ኬዙ ብዙ አላስቸገረም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን በክሪክ አወረድነው፣ ጎትተንም አወጣነው። ከባዱ የሞተሩ ነገር ነው። ተሻጋሪው ብረት ሲወልቅ የሞተሩ ጀርባ የሚያርፍበት ያጣል። ሞተሩ ከፊት በሚያርፍባቸው ላስቲኮች ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ብዙ ከሄደ ማራገቢያው መከለያውን ይነካል፣ የውሃ ቱቦዎቹም ይወጠራሉ። ከዘይት ገንዳው ሥር ሰፊ ጣውላ አድርጌ በሁለተኛ ክሪክ ደገፍኩት። ሆኖም ትንሽ ማዘንበሉ ይጠቅማል፤ ከላይ ያሉት የካምቢዮ ብሎኖች የሚገኙት ጅራቱ ዝቅ ሲል ነው። የብሎን መፍቻው ቡሶላ ላይ ረጅም ማራዘሚያና አንገቱ የሚታጠፍ ማገናኛ ቀጥዬ፣ ከካምቢዮው ጀርባ በኩል በላዩ ላይ አሻግሬ ፈታኋቸው።

ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተው ካምቢዮው አልነቃነቅ አለ። ወንድሜ ወፍራም ፌሮ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አንዴ ልፈልቅቀው?»

«ተው፣ አስቀምጠው።»

የያዙት ከሞተሩ ጋር ቀጥ አድርገው የሚያሳርፉት ሁለት ፒኖች ነበሩ፤ ዝገው ተጣብቀዋል። ዙሪያውን በፕላስቲክ መዶሻ እየመታሁ፣ ክፍተቱን በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ላይና ታች እኩል መከፈቱን ጠበቅሁ። ከዚህ በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ ናት የሥራው ሁሉ ፍሬ። የካምቢዮው የፊት ሻፍት በፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርሶች ውስጥ አልፎ ጫፉ ከሞተሩ ጀርባ በሚዞረው ከባድ የብረት ዲስክ፣ በቮላኖው፣ መካከል ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ነው ያለው። የካምቢዮው ክብደት በዚያ ሻፍት ላይ ቢንጠለጠል ዲስኩ ይጣመማል፤ ሻፍቱም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ክሪኩ ሞተሩ ባዘነበለበት ልክ ካምቢዮውን ይዞ፣ ሰይፍ ከአፎቱ እንደሚወጣ በቀጥታ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። በቀበቶ ክሪኩ ላይ አሰርኩት፤ ወንድሜ ጅራቱን ያዘ፣ እኔ የፊቱን ቤት። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ከዚያ ድንገት ለቀቀ፤ ክብደቱ በሙሉ ክሪኩ ላይ አረፈ። ወንድሜ ሳቀ። እኔ ካምቢዮው መሬት እስኪነካ አልሳቅሁም።

ከዚያ ያ ስፈልገው የነበረው ማየት መጣ። አቧራውን በአየር አልነፋሁትም። የድሮ ፍሪሲዮኖች አዝቤስቶስ ነበረባቸው፤ የዚህኛው ከምን እንደተሠራ በዓይን መለየት ስለማይቻል አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። የፊት ሻፍቱን በእጄ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስነቀንቀው ቀጭ ይላል፤ ሳዞረውም ያ የታወቀ ማጉረምረም በጣቴ ይሰማል። ጥርጣሬው ልክ ነበር። ግን ያ ብቻ አይደለም። ቮላኖው ፊት ላይ ሙቀት የፈጠረው ሰማያዊ ነቁጥ አለ። የዲስኩ ጠርዝ በዘይት ረጥቧል። ዘይቱ የካምቢዮ እንዳይሆን አሸተትኩት፤ የካምቢዮ ዘይት ያ የሚከረፋ የድኝ ሽታ አለው፣ ይህ የለውም። የሞተር ነው፤ ስለዚህ ከቮላኖው ኋላ ያለው የዘይት ማገጃ፣ ፓራሊዮው፣ እያስተላለፈ ነው። ድምፅ ስለሌለው ካምቢዮው ባይወርድ ማንም አይጠረጥረውም ነበር፤ አዲስ ዲስክ ቢገባም ብዙ ሳይቆይ ዘይት ጠጥቶ መንሸራተት ይጀምር ነበር።

ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ደርቋል፣ ሹካው የሚያርፍበት ጉልላትም ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሁለቱም ይቀየራሉ። ቮላኖው ተፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ሰማያዊው ነቁጥ ተላግቶ የማይጠፋ ከሆነ ወይም ስንጥቅ ከተገኘበት አዲስ ይገዛል። እሱ ሲወርድ ፓራሊዮው ፊት ለፊት ስለሚገኝ ያኔ እቀይረዋለሁ።

ካምቢዮውን ራሱን ግን አልከፍትም። ኩሽኔታ ለማውጣትና ለማስገባት ፕሬስ ይፈልጋል፣ የሲንክሮናይዘሮቹን መበላትም ለክቶ መፍረድ የለመደ ሰው አለ፤ ያን ወርቃማ ብልጭታም ነግሬ ለእሱ አስረክበዋለሁ። ፍሪሲዮኑና ፓራሊዮው የእኔ ናቸው። ነገ መጀመሪያ የፓራሊዮውን ቁጥር ከሞተሩ ቁጥር ጋር ማመሳከር አለብኝ።