ጠዋት ይምጣ

አልዛይመር የሚባለው ትዝታን ቀስ በቀስ የሚነጥቅ የአንጎል ሕመም የያዛቸውን እናት የሚያስታምም ልጅ ፍቅር ሲገጥመው «አሁን ጊዜው አይደለም» ይላል። ሕመሙ ግን ዓመታት ይወስዳል። ማስታመሙ እስኪያበቃ ይቆይ ማለት የእናትን ሞት ቀን እየቆጠሩ መጠበቅ ነው፤ ይህ ለሁለቱም አይገባም።

ለወዳጅ ገና ከጅምሩ በግልጽ መንገር ይሻላል፤ የትኞቹ ሰዓቶች ነፃ እንደሆኑ፣ ስልክ የማይነሳው መቼ እንደሆነ። «በዘር ይተላለፋል ወይ?» ማለቱ አይቀርም። የወላጅ መታመም የልጅን የመታመም ዕድል በመጠኑ ይጨምራል እንጂ አይፈርድበትም። በአንድ ጂን ብቻ የሚወረሰው ዓይነት በጣም ጥቂት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል።

ለመውጣት ተተኪ ያስፈልጋል። ተተኪው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን አብሮ ይዋል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት ብቻውን ይቆይ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ሽንት ሲመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ ሲከፋቸው የትኛው ዘፈን እንደሚያረጋጋቸው በአንድ ገጽ ተጽፎ ይቀመጥ። አመሻሽ ላይ አለመውጣት ነው፤ ብዙ ሕሙማን በዚያ ሰዓት ይረበሻሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ መጋባታቸው ከባሰ ደግሞ እንደ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮው ይቅር፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከሁሉ የሚከብደው ወዳጅን ከእናት ጋር ማስተዋወቁ ነው። እንግዳው ጠዋት ይምጣ፣ ለ20 ደቂቃ ብቻ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ለፊታቸው ይቅረብ፣ ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ስሙን ራሱ ቀስ ብሎ ይናገር። «እማዬ፣ ታስታውሺዋለሽ?» የሚለው ጥያቄ ፈተና ነው፤ ያሳፍራቸዋል። ለእጅ የሚሆን ሥራ ከወሬ ይበልጣል። እናት ፎጣውን ያጥፋሉ፣ ይፈቱታል፣ እንደገና ያጥፋሉ፤ እንግዳው አንዱን ጫፍ ይዞላቸዋል። አዲስ ነገር የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በሕመሙ ቀድሞ ስለሚጎዳ ስሙ ነገ አይኖርም። ስሜቱ ግን ከትዝታው በኋላም ይቆያል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜም ስሙን እንደ አዲስ ይናገር።

«ይህ ሰው ገንዘቤን ሰረቀኝ» ሊሉ ይችላሉ፤ ወዳጅ አስቀድሞ ይወቀው። ያስቀመጡበትን ሲረሱ ክፍተቱን አእምሮ በሌላ ምክንያት ይሞላዋል። መከራከር ያባብሳል። «ጠፋብሽ? ነይ አብረን እንፈልግ» ብሎ ማገዝ፣ ሲረጋጉ ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ወዳጅን ቶሎ ተረኛ አስታማሚ ማድረግ አይገባም። እናትን ማጠብ፣ ልብስ መቀየር በመጀመሪያዎቹ ወራት የእሱ ሥራ አይደለም፤ የፎጣውን ጫፍ ቢይዝ ይበቃል።