3114ን በእኛ ቁጥር አነበብኩት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ የእህቴ ልጅ እጁ አይሰበርም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። የሞተር ጎማ መፍታትና መግጠም አላቃተኝም። ያቃተኝ ማለቁን በጊዜ ማወቅና የሚተካውን መምረጥ ነው።

የፎቶ ኮፒና የፕሪንተር ጥገና እሠራለሁ። ቤቴ ሳቢያን ነው፤ ደንበኞቼ ግማሹ ድሬ፣ ግማሹ ሐረር ናቸው። በሳምንት ሁለቴ ባለ 100 ሲሲ ሞተሬን አስነስቼ የደንገጎን ዳገት እወጣና በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርጌ ሐረር እገባለሁ። ደርሶ መልሱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ታች ድሬ አስፋልቱ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል፣ ዳገቱ ላይ የኋላው ጎማ የሰውም የዕቃም ጭነት ተሸክሞ ይጎትታል፣ ሲወረድ ደግሞ ሁሉም ነገር ፍሬን ላይ ነው። ይህ መንገድ ጎማ ይበላል።

በ2016 መጋቢት ላይ ሞተሯ ጠባይዋን ቀየረች። ደንገጎ መታጠፊያዎቹ ላይ ላጋድማት ስል መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ ከዚያ ድንገት ከደረጃ እንደወረደ ሰው ዘጭ ትላለች። ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ የሚበላው የጎማው መሃል ነው፤ መሃሉ ሲላጭ ክቡ ጎማ ጠፍጣፋ ይሆንና ጎንና ጎኑ ላይ ጠርዝ ይወጣለታል። ስታጋድሙት የምትወጡት ያንን ጠርዝ ነው። ሞተራችሁ እንዲህ ካደረገች ዝቅ ብላችሁ የኋላውን ጎማ እዩ።

እኔ አላየሁም። በዚያው ሰሞን ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ ወስጄያት ነበር። መርማሪው መብራቱን አስበራኝ፣ ጡሩንባውን አስነፋኝ፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና «ገና ነው» ብሎ ፈረመ። በጎማው ጥርሶች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ TWI የሚሉት የማለቂያ አመልካች አለ፤ ከጎን በኩል ትንሽ ምልክት ይደረግበታል፤ ቦዩ ውስጥ ብቅ ያለች ድልድይ ነች። በአብዛኛው የሞተር ጎማ ከፍታዋ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ ተበልቶ ከእሷ እኩል ሲሆን ጎማው አለቀ ማለት ነው። የእኔ እኩል ሊሆን የአንድ ወረቀት ያህል ነበር የቀረው። በአመልካቹ መሠረት ሰውዬው አልተሳሳተም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ጎንበስ እንኳ አላለም።

በእኔ አስተያየት ደንገጎን ለሚመላለስ ሰው 0.8 ድረስ መጠበቅ ትርጉም የለውም። እኔ አሁን የምለካው በክብሪት እንጨት ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መሃለኛው ቦይ ውስጥ አጋድሙት፤ ከጥርሱ በላይ ብቅ ካለ ብር ማጠራቀም ጀምሩ፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ አትጠብቁ፣ ቀይሩ። ቦዩ ሥራው ውኃ ማስወጣት ነው፤ በበጋ ሊሾ ጎማም ይነዳል፣ ውኃ ሲመጣ ግን መሄጃ ያጣና ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጎማ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሁለት ሱቅ ውድ አለኝ። ሦስተኛው ላይ ነጋዴው ከላይኛው መደርደሪያ ልኩ 3.00-17 የሆነ አንድ ጎማ አወረደልኝ። ሲያብረቀርቅ ሳየው ደስ አለኝ፤ ስነካው ጣቴ ላይ የቀረውን ጥቁር ቅባት ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና ዝም አልኩ። አንድ ወዳጄ በአንድ ወቅት «የተሠራበትን ቁጥር እይ» ያለኝ ትዝ አለኝና ጎኑን ፈለግኩ፤ 3114 ይላል።

«አቦ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፤ 14። የ2014 ምርት ነው፣ ሁለት ዓመቱ። ካልተነዳ ምንም አይሆንም።»

ሦስት መቶ ብር ቀነሰልኝ፤ ከፈልኩ። በዚያች ደቂቃ በ2014 እና በ2014 መካከል ስላለው ልዩነት አላሰብኩም። ሁለታችንም በእኛ ዘመን ነበር ያነበብነው። ጎማው ግን በእኛ አቆጣጠር አልተሠራም። መጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የፈረንጁ ዓመት ስንተኛ ሳምንት እንደሆነ፣ ኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 3114 ማለት የፈረንጆቹ 2014 ዓ.ም. 31ኛ ሳምንት፣ በእኛ ሐምሌ 2006 ነው። እኔ አዲስ ብዬ የገዛሁት ጎማ አሥር ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ነበር የቀረው። ያንን ሁሉ ዓመት የት የት እንደከረመ እግዜር ይወቀው፤ በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩ ልስላሴው ይሄዳል፣ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መንገድ አይዝም።

መግጠሙን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ሠራሁት፤ ፈታሁ፣ ከመነዳሪውንም በአዲስ ቀየርኩ፣ ቀስቱን ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ አስተካከልኩ፣ ነፋሁ። ሲገባ እንደ እንጨት ገትሮ ሲያስቸግረኝ «አዲስ ስለሆነ ነው» አልኩ። አዲስ ጎማ እንደዚያ አይገትርም። ያኔ እጄ የነገረኝን ብሰማ ኖሮ!

ሦስት ሳምንት በደህና ሄደ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከሐረር ስንመለስ የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ተቀምጧል፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት በሌለው ቀን ሥራ አስተምረዋለሁ። ደንገጎን መውረድ ስንጀምር የበልግ ዝናብ አካፋ። ብዙ አልዘነበም፤ የከፋው እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ካፊያ አስፋልቱ ላይ የከረመውን አቧራና ዘይት ያንሳፍፋል እንጂ አያጥበውም። በዝግታ ነበር የምሄደው። አንድ መታጠፊያ ላይ ከፊታችን አይሱዙ ቆሟል። የኋላ ፍሬን ያዝኩ፣ በጣም አይደለም፣ እንደ ወትሮው። ጎማው ድምፅ እንኳ አላሰማም። ኋላችን ወደ ግራ ሄደ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ በጎኔ እየተንሸራተትኩ የልጁን ጫማ ብቻ አያለሁ።

እኔ ክርኔ ተላጠ። እሱ መሬቱን በቀኝ እጁ ሊደግፍ ሲል አንጓው ተሰበረ። ሆስፒታል ጀሶ ሲያስሩለት እህቴ መጣች። ታላቄ ነች፤ ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁን ዳበሰችው፣ ወደ እኔ ዞራ «አንተስ ደህና ነህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱን ያገኘው ሽማግሌው ጎሚስታ ነው። ቸርኬው ስለተጣመመ ወሰድኩለት። ጎማውን አውጥቶ በሁለት እጁ ወደ ኋላ አጠፈው፤ በጥርሶቹ መካከል እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ስንጥቅ አለ። አውራ ጣቱን ጥፍር ተከለበት፤ ምልክት ሳይተው ተንሸራተተ። አጠገባችን ያለ ሌላ ጎማ ላይ ተከለ፤ ጥፍሩ ሰመጠ፣ ሲያነሳው ላስቲኩ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«ይህን ከየት አወጣኸው?» አለኝ።

«አዲስ ነው፤ የ14።»

«በማን 14?»

ያኔ ነው የገባኝ።

ጎማውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ነጋዴው «ነድተኸዋል፤ አልመልስም» አለ። አንድ መሥሪያ ቤት አቤት አልኩ። ደረሰኙን አዩት፤ «ጎማ» ብቻ ነው የሚለው፣ ቁጥር የለውም። የተቀበለኝ ሠራተኛ «ጎማ መድኃኒት አይደለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ሥራ አጣሁ፣ ተውኩት። ስለዚህ ደረሰኝ ስትቀበሉ አራቱን ቁጥር አስጽፉ፤ አልጽፍም ካለ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

አንዳንድ አምራቾች ጎማ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ይጣል ይላሉ። ለድሬ ፀሐይ እኔ አሥሩን አልቀበልም። ስገዛ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነውን አልነካም፤ የገጠምኩት አምስት ከሞላው ጥርሱ ቢኖርም አወርደዋለሁ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተም ጎማውን ገልብጣችሁ ፈልጉ፤ የሚያብረቀርቀውን ቅባት በጨርቅ ጠርጉና ጥፍራችሁን ትከሉ። ነፋስ የምትለኩት ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ ነው፤ ቀትር ላይ የጋለ ጎማ ለክተው «በዛ» ብለው የሚያስተነፍሱ አሉ፣ ትልቅ ስህተት ነው። አዲስ ጎማ ደግሞ መጀመሪያ ያንሸራትታል፤ የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር እዚሁ ከተማ ውስጥ ጨርሱና ደንገጎን ውጡ።

ባለፈው ወር የፊተኛውን ልቀይር ስሄድ የእህቴ ልጅ አብሮኝ መጣ። እጁ ድኗል፣ አንጓው ግን ድሮ እንደነበረው ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ነጋዴው ጎማውን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ እኔ ገና ስለ ዋጋ እያወራሁ ነበር። ልጁ ገለበጠው፣ በደህነኛው እጁ ቅባቱን ጠረገ፣ ቁጥሩን አገኘና ቀና አለ።

«አቦ፣ ይሄ በፈረንጅ ነው በእኛ?» አለው።