ክብደቴ 11 ኪሎ ሲቀንስ የደም ግፊቴን እንዴት እንደተከታተልኩ

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ብድግ ስል ክፍሉ ዞረብኝ። የበሩን እጀታ ይዤ ትንሽ ቆምኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። መለኪያውን አውጥቼ ስለካ 98 በ62። ከስምንት ወር በፊት 152 በ96 የነበርኩት ሰው ነኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ግፊቴ ወረደልኝ ብዬ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። ኪሎዬ ቀንሷል፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ በየቀኑ እራመዳለሁ፤ የምውጣቸው ሁለት ኪኒኖች ግን ያኔ ወፍሬ ሳለሁ ለነበረኝ ግፊት የታዘዙ ናቸው። ሰውነቴ ተቀይሮ መድኃኒቱ አልተቀየረም።

ይህን እንዳውቅ ያደረገኝ መለካቴ ነው። እሱንም ቢሆን በትክክል ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

መጀመሪያ ላይ ባሰኘኝ ሰዓት ነበር የምለካው። ደረጃ ወጥቼ እንደገባሁ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ስልክ እያወራሁ። የላይኛው ቁጥር፣ ማለትም መጀመሪያ የሚነበበው፣ አንዴ 160፣ አንዴ 131። በየቁጥሩ መደንገጥ ሆነ ሥራዬ። በኋላ አንዲት ነርስ አዩኝና «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ» አሉኝ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይጣመር፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ፣ ልብሱ ተገልጦ። እየለኩ ማውራት የለም። ቡና፣ ሲጋራና እንቅስቃሴ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መኖር የለባቸውም። እንደነገሩኝ ሳደርግ የቁጥሩ መዝለል በረደ።

ማንም ያልነገረኝ ደግሞ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ጉዳይ ነው። የኔ መለኪያ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይላል። ክንዴን በትከሻዬና በክርኔ መሃል ዙሪያውን በሜትር ስለካው 35 ሆነ። ለካስ አየሩ ሲሞላ መጣበቂያው እየተላቀቀ የሚያስቸግረኝ ለዚህ ነው! ጨርቁ ለክንድ ሲጠብ ግፊትን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ያሳያል። ትልቁን ገዝቼ ቀጠልኩ። ስድስት ወር ቆይቶ ክንዴ 31 ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ትልቁ ጨርቅ ሰፋኝ፣ የሰፋ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ክብደት የምትቀንሱ ሰዎች በየሁለት ወሩ ክንዳችሁን ለኩ፣ እባካችሁ።

አሁን የምለካው እንዲህ ነው። ጠዋት ኪኒን ከመዋጤና ከመብላቴ በፊት ሁለት ጊዜ፣ በመሃሉ አንድ ደቂቃ ጠብቄ። ማታም እንደዚያው። ቀጠሮ ሲደርስ ይህን ሰባት ቀን አደርግና የመጀመሪያውን ቀን ትቼ የቀሩትን አማካይ አወጣለሁ። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው የሚባለው፤ ሐኪም ቤት ሲለካ ደግሞ 140 በ90። አንዲት ቁጥር ብቻዋን ምንም አትነግረኝም፤ ስለዚህ በእሷ መደንገጥ ትቻለሁ።

ደብተሬ ላይ ከቁጥሩ ጎን ኪሎዬንና ያን ቀን ለየት ያለ ነገር ካለ እጽፋለሁ። ያቺ ጠባብ መስመር ብዙ አስተምራኛለች። አንድ ሳምንት ኪሎዬ ሳይጨምር የላይኛው ግፊቴ ከ128 ወደ 141 ወጣ። ደብተሩን ሳገላብጥ ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌን መውሰድ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ይህ ማስታገሻ ግፊት ሊጨምር እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅኩት። ሐኪሜን ጠይቄ በሌላ ተቀየረልኝ፣ ቁጥሩም ተመለሰ። «ቶሎ ያከሳል» የተባለ ኪኒን ያመጣልኝም ሰው ነበር። እንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ የሚያነቃቃ ነገር ስላለባቸው ልብንም ግፊትንም ያስሮጣሉ። አልነካሁትም።

አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 1 ገደማ ይወርዳል ይባላል። ሰው በሰው ይለያያል። የኔ ከዚያ በላይ የወረደው ጨው መቀነሱ፣ መራመዱና መድኃኒቱ ተደምረው ነው።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ኪኒኑን በራሴ አላቋረጥኩም። ሐኪሜ ጋ ደወልኩ፣ በዚያው ቀን አዩኝ። ተቀምጬ 108፣ ቆሜ ከአንድ ደቂቃ በኋላ 86። ሰው ሲቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መታየት ያለበት ነገር ነው አሉኝ። ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አገላበጡ። ከሁለቱ ኪኒኖች የሚያሸናውን አስቆሙኝ፤ ምግብ ቀንሼ፣ ላብ እያላበኝ ውሃ የሚያሳጣ መድኃኒት መጨመሩ ነበር ያዞረኝ። ሌላውን እንዳልተው አስጠነቀቁኝ፣ በሁለት ሳምንትም ተመለስ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ «ቆሜ» የሚል አዲስ ዓምድ አለ። ዛሬ ጠዋት ተቀምጬ 118 በ76፣ ቆሜ 114 በ78። ገና አራት ኪሎ ለመቀነስ አስቤያለሁ፣ ስለዚህ የቀረውም ኪኒን መጠኑ ይታያል። ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ወር ነው፣ የሰባቱ ቀን ልኬት ሰኞ ይጀምራል።