«ጾም አይደል እንዴ ልጄ?»

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥኩት የስኳር ሕመም ያለባቸው ሴቶች ወሲባዊ ፍላጎት ነበር። መጠይቁ ተዘጋጅቶ ስላለ መተርጎም ብቻ የቀረኝ መስሎኝ ነበር።

ሁለት መጠይቆች ያዝኩ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኤስ ዲ አይ የተባለ የወሲባዊ ፍላጎት መጠይቅ ነው። ከሌላ ሰው ጋር የመሆን ፍላጎትንና ብቻን ሆኖ ራስን የማርካት ፍላጎትን ለይቶ ይለካል። አንዱ ጥያቄ በሻማ ብርሃን እራት ስትበዪ፣ በባሕር ዳርቻ ስትንሸራሸሪ ፍላጎትሽ ምን ያህል ይበረታል ይላል። የኔ እናቶች ሻማ የሚያበሩት ለቤተ ክርስቲያን ወይም መብራት ሲጠፋ ነው። ይህን ተውኩት።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤፍ ኤስ ኤፍ አይ ነው፤ የሴቶችን ወሲባዊ ጤና በጠቅላላ ይለካል። ከ19 ጥያቄዎቹ ስለ ፍላጎት የሚያነሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ባለፉት አራት ሳምንታት ስንት ጊዜ ተሰማሽ፣ ምን ያህልስ በረታ? አጭር ስለሆነ በሱ ገፋሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ «desire» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አንዱ ተርጓሚ «ፍላጎት» አለ፣ ሌላው «ስሜት»። «ስሜት» የሚለው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የሰውነት መነሳሳት ሆኖ መጣ። መነሳሳት ደግሞ በዚያው መጠይቅ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ቃሉን ያገኘሁት ከአንዲት የአምስት ልጆች እናት ነው። «ልቤ አይከጅልም፣ ግን እምቢ አልለውም» አሉኝ። ደንግጬ ብዕሬን አስቀመጥኩ። መጠይቁ ፍላጎትን ሲያብራራ ባል ሲጠይቅ ለመቀበል ዝግጁ መሆንንም ይጨምራል። እኚህ ሴት በዚህ ቢመለሱ ፍላጎት አላቸው ልል ነበር። ከዚያ በኋላ «ልብዎ ከጅሎ ያውቃል?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። እሺ ማለታቸውን ለብቻው ጠየቅኩ።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው፤ ሙከራውን በሁዳዴ አደረግኩ። ጾሙ 55 ቀን ነው። የመጠይቁ አራት ሳምንት እዚያው ውስጥ ያልቃል። «ጾም አይደል እንዴ ልጄ?» ይሉኛል፣ እኔም «በፍጹም» የሚለውን አከብባለሁ። አንዷን ግን ደፍሬ «ሐሳቡስ?» አልኳቸው። «ሐሳቡማ ይመጣል፣ ሰው አይደለሁም?» አሉ። የቀደሙትን ወረቀቶች በሙሉ ጣልኩ።

ነገሩ ከሁለቱ ጥያቄዎችም ያልፋል። የፍላጎቱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነው የሚሞላው። ስለ መነሳሳት፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ እርካታ ጫፍ የሚጠይቁት ግን ግንኙነት ካልነበረ ዜሮ ይሰጣሉ። ጠቅላላው ከ36 ነው፤ ከ26.55 በታች ከሆነ ችግር አለ ይባላል። ጾሟን የጠበቀች ጤነኛ ሴት በነዚያ ዜሮዎች ብቻ ታማሚ ተብላ ትመዘገባለች። ባሏ አረብ አገር ያለችውም እንደዚያው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ «በነዚህ ሳምንታት አብራችሁ ነበራችሁ? ካልሆነ ለምን?» የሚል ጥያቄ ከፊት አስገባሁ፤ ላልነበሩት ጠቅላላ ውጤት አልደመርኩም።

ከዚያ የዘመን መቁጠሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አራቱ ሳምንት ከጾም ነጻ እንዲሆኑ ግን ከፋሲካ በኋላ አራት ሳምንት መጠበቅ አለብኝ። ከዚያ የሰኔ ጾም ይገባል። የቀረችኝ ሦስት ሳምንት ግድም ናት። መረጃዬን በሙሉ የሰበሰብኩት በነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው።